ባሌ የሠራልኝ ባሕር

ባሌ ባሕር ሊሠራልኝ የተነሳው ያለቀስኩ ለታ ነው። የምንኖረው ሀገረ ሕይወት ነበር፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ እንዲህ ይባል እንጂ ሰዉ ሁሉ አምቦ ነው የሚላት። እሱ የአካባቢው ልጅ ነው፤ የተወለደው ጊንጪ አጠገብ፣ ከጭልሞ ደን ሥር ነው። እኔ ደግሞ ምጽዋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እናቴ ከጎንደር ሄዳ እዚያው የቀረች ሴት ናት። ወደቡ ላይ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ ተዋውቀን ተጋባን። በኋላ አምቦ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተሻለ ቦታ አገኘና ይዞኝ ሄደ።

ያለቀስኩት ሽንኩርት ስልጥ ነው። ሽንኩርቱ ሰበብ ሆነኝ እንጂ ክረምቱን በሙሉ ተደብቄ ሳለቅስ ነው የከረምኩት። ባሌ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ከገባ በኋላም የተፈታ የሞተር ዕቃ ጋዜጣ ላይ ዘርግቶ ያቀረቅራል። እጁ ሥራ ካልያዘ አፉ አይናገርም፤ እጁ ሥራ ከያዘ ደግሞ ጆሮው አይሰማም። ታዲያ መቼ ነው የምንጫወተው? ጎረቤቶቼ በኦሮምኛ ሲጫወቱ እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ፈገግ እላለሁ። ፈገግታ ሲበዛ መንጋጋ እንደሚያም ያወቅሁት ያኔ ነው። በልቤ ቆርጬ ነበር፤ መስቀል ሲያልፍ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ዘንድ እመለሳለሁ። ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ምሽት ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቤ ቢቀመጥና "ቀኑን እንዴት ዋልሽ?" ቢለኝ።

እሱ ግን ኩሽና በር ላይ ቆሞ እንባዬን አየና "ባሕሩ ናፍቆሽ ነው፣ አይደል?" አለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዎ ብሎ ወሰደው።

በማግስቱ ሞተሩን ወደ ጎን አድርጎ እርሳስ ይዞ ሣጥን ይሥል ጀመር። ምጽዋ ሳለ የአንድ ጣልያን ሐኪም መኪና ሊጠግን ሄዶ፣ ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት የታጠረ ባሕር ከነዓሣው አይቶ ነበር። ያንን ነው የሚሠራልኝ፤ ከዚያም የሚበልጥ። "አልጋ የሚያህል" አለኝ በክንዱ እየለካ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው ስለማላውቅ አይሆንም ለማለት አንጀቴ አልቻለም። ባሕር እየሠራላት ያለውን ሰው ጥላ የምትሄድ ሴት ካለች እስቲ አሳዩኝ። መስቀል መጣ፣ አለፈም፤ ሻንጣዬ አልጋ ሥር ቀረ።

የብረት ማቀፊያውን እዚያው ጋራዥ ውስጥ በየደው። ወፍራሙን መስታወት አዲስ አበባ ሄዶ አስቆርጦ፣ በፍራሽ ጠቅልሎ አመጣው። መገጣጠሚያውን በስቱኮና በሬንጅ ደፈነ። ሬንጁ የቀለጠው በእኔ ድስት ነው፤ ያ ድስት ከዚያ ወዲያ ወጥ ሠርቶ አያውቅም። ለመሞከር ከሁሉቃ ወንዝ ውኃ አስቀድቶ ሞላው። እራት ቀርበን እያለን አንዱ ጥግ ተነደለና ወንዙ ሳሎናችን ውስጥ ፈሰሰ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ስንከተከት፣ እሱ መዳፉን ቀዳዳው ላይ ለጥፎ "አትሳቂ፣ ጨርቅ አምጪ!" ይለኛል። ኋላ ላይ እሱም ሳቁ አመለጠው፤ ሁለታችንም እርጥብ ወለል ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። እዚያ ከተማ ካሳለፍኳቸው ምሽቶች የምወዳት እሷን ነው።

በማግስቱ እንደገና ሬንጁን አቀለጠ። ሣጥኑ የሚያርፍበት የሲሚንቶ መቆሚያ ቦታ ስላስፈለገው የምንበላበትን ጠረጴዛ አውጥቶ ጓሮ አቆመው። ከዚያ በኋላ እኔ ኩሽና እበላለሁ፤ እሱ ሰሐኑን በእጁ ይዞ መስታወቱ ፊት ቆሞ ይበላል። ምኑን እንደሚያይ አላውቅም፣ ገና ባዶ ነበር።

ባሕሩ የመጣው ከገና በኋላ ነው። ከምጽዋ አዲስ አበባ ዕቃ የሚያመላልስ፣ አንዳንዴም እኛ ዘንድ እህል ሊጭን ብቅ የሚል የጭነት መኪና ሾፌር ወዳጅ ነበረው። እሱን ለምኖ አስመጣው፤ ውኃው በገለባ በተለበጡ ትልልቅ የጠርሙስ ደምበጃኖች፣ ድንጋዩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ። ምጽዋ ቤቶቻችን የሚሠሩት በዚህ የባሕር ድንጋይ ነው። እኔ የማውቀው ግን ግድግዳ ላይ ሞቶ የነጣውን ነው፤ ይሄ ሕይወት አለው። ሐምራዊ አለው፣ አረንጓዴ አለው፣ በየቀዳዳው ጣት የሚመስል ነገር ወጣ ገባ ይላል። ዓሦቹን ሾፌሩ በየማረፊያው በብስክሌት መንፊያ አየር እየሰጠ ነው ያደረሳቸው። ግማሾቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል።

"ዳገቱን ስንወጣ ነው የሞቱት" አለ ሾፌሩ ቆቡን አውልቆ። "አይፈረድባቸውም፤ እኔንም ያዞረኛል እዚያ ላይ።"

ውኃው ሲገለበጥ የምጽዋ ሽታ ቤቱን ሞላው። ጣቴን ነክሬ ላስኩት። የእናቴ ደጅ፣ የወደቡ ጩኸት፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማችንን አውልቀን የምንረግጠው ሙቅ አሸዋ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ባሌ ሾፌሩን በክርኑ ጎሸም አድርጎ "አየህ?" አለው። አልዋሽም፣ ደስታም ነበረበት። የቆየው ግን እስከ ማግስቱ ነው።

በማግስቱ ሥራዬን አሳየኝ። ዓሣ ያለ አየር አይኖርም፤ መብራት ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ስለዚህ ከትልቅ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ ቀጭን ቱቦ አስረዝሞ ውኃው ውስጥ ከተተው። ከመነዳሪው በመንፊያ ይሞላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ውኃው ውስጥ አረፋ ይሆናል። ሲጎድል እንደገና መሙላት ነው። ማን ይሞላዋል? እሱማ ጋራዥ ነው የሚውለው። ባል አግብቼ ጎማ ነፊ ሆንኩ። አምቦ ብርድ ስለሆነች ከሥር የሚያሞቅ ፋኖስ አለ፤ ላምባ የምቀዳለት እኔ ነኝ። ውኃው በትነት ይጎድላል፤ የተጣራ የወንዝ ውኃ የምጨምርለት እኔ ነኝ። ጨዉ በየመጋጠሚያው እየወጣ ይነጣል፤ የምጠርገው እኔ ነኝ። ገበያ ደርሼ ልመለስ ብል እንኳ ሐሳቤ ከመነዳሪው ላይ ነው። እንዳልሄድ የተሠራው ባሕር እውነትም እንዳልሄድ አደረገኝ።

ማታ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው "እንዴት ዋሉ?" ነው። ዓሦቹን ነው። እኔም "ደኅና ዋሉ" እላለሁ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስታወቱ ፊት ይቆማል፤ ድንጋይ ያዞራል፣ ቱቦ ያቀናል። አንዳንዴ "ነይ እስቲ፣ ይቺን ቢጫዋን እይ" ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ያየኋትን ቢጫ ሄጄ አያታለሁ። በመስታወቱ ውስጥ ፊቱ ከፊቴ ጎን ይታየኛል፤ እሱ የሚያየው ዓሣዋን ነው። ምጽዋ የዚያን ጊዜ የራቀችኝን ያህል ርቃኝ አታውቅም።

እንግዳ ግን አልጠፋም። ወሬው ሲሰማ መምህሩም ጸሐፊውም፣ ቅዳሜ ገበያ የወጣውም ገበሬ ጎራ እያለ ያይ ነበር። ቤቴ በሰው ተሞላ፤ የሁሉም ጀርባ ወደ እኔ ነው። ሻይ ሳቀርብ ብርጭቆውን ዞር ሳይሉ ይቀበሉኛል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብዙ ካስተዋሉ በኋላ "ይበላል?" ብለው ጠየቁኝ። አይበላም አልኳቸው። "ታዲያ ምን ይሠራል?" አሉ። "እኔን ያሠራል" አልኳቸው። እሳቸው ብቻ ናቸው ዞር ብለው ያዩኝ። አንድ ጸሐፊ ደግሞ እግረ መንገዱን "እርስዎስ ከየት ነው የመጡት?" ቢለኝ፣ "ከዚሁ ውኃ ጋር" አልኩት። ጨዋታ መስሎት ሳቀ።

ክረምቱ እንደገና ሲገባ ጌዶ አካባቢ የመንገድ ሥራ መኪና ጭቃ ውጦት ባሌ ሊጠግን ታዘዘ። በሄደ በማግስቱ እኔን ብርድ ብርድ አለኝ፤ ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣለኝ። ያስታመሙኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ቅቤ የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት። በሠፈሩ ደንብ አዴ እላቸዋለሁ፤ አክብሮት ነው። "ኢንተላ ኮ፣ ማል ታቴ?" እያሉ ገቡ፤ ልጄ፣ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። አጥሚት አፈሉልኝ፣ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ያዙልኝ። እኔ እየቃዠሁ "አየር፣ አየር ስጧቸው" እላለሁ አሉ። አዴ መንፊያውን ታገሉት፤ እጃቸው አልለመደውምና ከመነዳሪው አልሞላ አላቸው። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

እዚህ ላይ አዴ አሰቡ። ባሌና እኔ ስንነፋ ውኃው አረፋ ያወጣል፣ ዓሦቹም ይነቃሉ። አምቦ ውኃ ደግሞ ማንም ሳይነፋው ከምድር ሲወጣ ጀምሮ በራሱ ይንተከተካል። የሆድ ሕመም ይሽራል፣ የተዳከመ ያበረታል። ይሄን ሁሉ መከራ የምናየው ምንጩ አጠገባችን እያለ ነው! ዘመዶቻቸውን አስከትለው በእንስራ አስቀዱና የጎደለውን ሁሉ ሞሉት።

የሰማሁት ጩኸታቸውን ነው። "ዳነ! ዳነ!" አሉ ከሳሎን፤ ዓሦቹ ሽቅብ ቁልቁል ይሉ ነበርና። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። እየተደገፍኩ ስወጣ ቢጫዋ በጎኗ ተኝታ፣ ድንጋዩም ጣቶቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ መስታወቱ በጥቃቅን አረፋ ተለብጦ እንደ ብርሌ ያበራል። እንዲህ አምሮ አያውቅም ነበር። አዴ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው "ገደልኳቸው! አገርሽን ገደልኩብሽ!" አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ቀለለኝ። ከመነዳሪው ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ የሚነፋው የለም። ቤቱ ውስጥ ካለ ነገር ሁሉ እሱን ማየቱ ደስ አለኝ።

በማግስቱ አዴ ብቻቸውን አልመጡም። የሠፈሩን ሴቶች ሰብስበው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። መጀመሪያ ልስቅ ነበር። አዴ መስታወቱን በነጠላ ሸፈኑትና ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ተቀመጡ። "ጃባዱ" አሉኝ አንዷ፤ በርቺ ማለታቸው ነው። ከዚያ ጠየቁኝ፤ እናትሽ አለች ወይ፣ አገርሽ ምን ያህል ይርቃል፣ ሙቀቱን እንዴት ትችሉታላችሁ፣ ወንድም አለሽ ወይ። አማርኛ የማይሰሙት በአዴ አስተርጓሚነት ጠየቁኝ። ድምፄ እስኪዘጋ አወራሁ። እንጀራ አባቴን አማሁላቸው፣ የወደቡን ሰካራሞች በአካሄዳቸው ሆኜ አሳየኋቸው፤ ለቅሶው በሳቅ አለቀ። ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እዚህስ መኖር እችላለሁ አልኩ። እነዚህ ካሉኝ፣ እሱም ትንሽ ከተቀመጠልኝ፣ እችላለሁ።

ባሌ የመጣው ጭቃው ሳይደርቅለት ነው። ነጠላውን ገለጠ፤ ውኃውን በጣቱ ቀመሰና አምቦ ውኃ እንደ ተጨመረበት ገባው። አልተቆጣም፤ አዴንም ደጃቸው ድረስ ሄዶ "አይዞዎት" ብሏቸው ተመለሰ። ደግ ሰው ነበር፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሁሉ ነገር በቀለለኝ። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁ ባዶ ነበር። በሁለት ዓመት ትዳር እጆቹ ባዶ ሆነው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጉልበቱ ላይ የት እንደሚያሳርፋቸው እንኳ አያውቅም።

"ክረምቱ ሲወጣ ሾፌሩ ይመጣል" አለኝ። "እንደገና እናስመጣለን፤ አሁን ልምዱ አለን።"

"አይሁን" አልኩት። "ባሕር አይደለም የናፈቀኝ። ሰው ነው።"

የተበላሸ ሞተር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ከልቡ አሰበ። እኔ ጠበቅሁ። ያን ያህል ቅርብ ተቀምጠን አናውቅም፤ እጄን ብዘረጋ የሸሚዙን ጭቃ እነካው ነበር።

"እናትሽን ነው?" አለኝ በለሆሳስ።

ቢጮህብኝ እጮህበት ነበር። ቢያሾፍብኝ እናገረው ነበር። እንዲያ በርኅራኄ ሲጠይቀኝ ግን "አንተን ነው" ማለት አልቻልኩም።

"አዎ" አልኩት።

"እንዴት እስከ ዛሬ አላልሽኝም?" አለ፤ ፊቱ በራ። ምን እንደሚሠራልኝ አወቀ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቶ የላላውን መቆለፊያ ጠገነ፣ ለእናቴ ቅቤ ከአዴ ገዛ፣ ስንቅ የሚሆነኝን በሶ አስፈጨ። በሳምንቱ ማለዳ ከአውቶቡሱ ሥር ቆሞ በመስኮቱ እየጮኸ "እንዳትቸኩዪ፣ እስኪወጣልሽ ቆዪ!" ይለኝ ነበር። እንዳያንገላታኝ ብሎም ከአውቶቡሱ ሾፌር ጎን ያለውን ቦታ አስቀድሞ ይዞልኛል።