ሽታው ያላረመው ገጽ

ሽታውን ደስ ያሰኘ መጽሐፍ እስካሁን አልተጻፈም። ሐይቅ ከተማ ላይ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወንበሩን በር ላይ ያወጣል፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፤ አንዱን ልብ ወለድ ይከፍትና ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ «ኤጭ» ይላል። መንገደኛው ይህን ኤጭታ ስለለመደው «ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልከው?» ብሎት ያልፋል።

ከሁሉ ከሁሉ የሚጠላው ስለ ወሎ የተጻፈውን ነበር። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ወሎዬ የተባለ ሁሉ ቆንጆ ነው፤ ሥራ የለውም፤ ቀኑን በፍቅር ሲቃጠል ይውልና ሲመሽ ማሲንቆ ያስለቅሳል። ሽታው ደግሞ አምባሰል ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አምባሰል ከቅኝትነቱ በፊት አቀበት መሆኑን ያውቃል። ሰው እህሉን ተሸክሞ የሚወጣው፣ ጉልበቱን እዚያው ጥሎ የሚወርደው አቀበት። «እነዚህ ሰዎች አገራችንን ያዩት በዘፈን ነው» ይላል። «በዘፈን ያየኸው አገር ዳገት የለውም።»

ተማሪዎቹንም ያስተማራቸው ይህንኑ ነው። ቋንቋ ጓዳ አለው፣ ጓዳው ባህሉ ነው፣ ሳሎን ተቀምጣችሁ ስለ ጓዳ አትጻፉ ይላቸው ነበር። ጥሩ አባባል ነው። ራሱ ግን ከጓዳም ሆነ ከሳሎን አንዲት ገጽ ጽፎ አያውቅም። መጻፍ ፈርቶ ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ያልጻፈ ሰው አይሳሳትም፤ ሽታውም ባለመሳሳቱ ኮርቶ ኖረ።

ይህ ሰው ምድር ላይ የማያጣጥለው አንድ ወዳጅ አለው፤ አብዱልመናን ይባላል። ሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ የሚያለማ፣ እጁ ላይ የማጭድ ጠባሳ ያለበት ገበሬ ነው። በአጥር ይዋሰናሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፤ ያልተሰዳደቡ ቀን ከሁለቱ አንዱ ታሟል ማለት ነው።

እነሽታው ማድ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ አንዲት የብረት ድስት ተሰቅላለች። የአብዱልመናን ድስት ነው የምትባለው። የሽታው ሚስት ስህን አቧራዋን ልትጠርግ ካልሆነ አትነካትም። እዚያ ቤት ድግስ ሲኖር ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል። ለሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ አንድ ሙክት ተለይቶ ለአብዱልመናን ይሰጠዋል፤ እሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ በራሱ ቢላዋ ይበልታል፣ ሥጋው በዚያች ድስት ይሠራል። በወሎ የሚቀላቀለው ሰው ነው፤ ሥጋ አይቀላቀልም። ሁሉም አንድ ዳስ ሥር ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ይቀመጥና የየራሱን ይበላል። ማንም በዚህ ተከፍቶ አያውቅም። ለጎረቤት ድስት ለይቶ ማኖር ትልቁ አክብሮት ነው።

ሙስሊሙ ጎረቤት ክርስቲያን ቤት ለግብዣ ሲቀመጥ አንድ ነገር ይጠይቃል። «ማን አረደው?» ይላል። «አብዱልመናን» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ማንም ተነሥቶ ማድ ቤት ገብቶ አያይም። ያ እምነት የአብዱልመናን ሀብት ነው። ከሽንኩርት ማሳው አብልጦ ይጠነቀቅለታል።

እንግዲህ አንዳርጋቸው የሚባል የሽታው የድሮ ተማሪ፣ አዲስ አበባ ሲኖር ቆይቶ፣ የልብ ወለድ ረቂቅ ታቅፎ መጣ። መጽሐፉ ስለ ሐይቅ ነው። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ በዚያ ዳስ ሥር ስንቴ የበላ ነው። ግን የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ በዓይኑ ያየውን ትቶ በሬዲዮ የሰማውን ወሎ ጻፈ። «ጋሼ፣ እርስዎ ካላረሙት አላሳትመውም» ብሎ ረቂቁን በሁለት እጁ አቀረበ። ሽታው ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ለግድያ ተዘጋጀ።

ግድያው ግን አልተፈጸመም። መጽሐፉ ውስጥ አንድ መምህር አለ፤ ረጅም፣ ባለ መነጽር፣ ሲናገር አገር ጸጥ የሚልለት። ሽታው ራሱ መሆኑን ገና ከመጀመሪያው መስመር ዐወቀ። በዚያን ቀን በሩ ላይ ኤጭታ አልተሰማም። ስህን ባሏን መጽሐፍ ይዞ ሲስቅ አይታ ምን ነክቶት ነው ብላ ደነገጠች።

እንዲህ ሆኖ አንድ የሰርግ ገጽ ላይ ደረሰ። በሰርጉ ላይ ሼህ አብዱ የሚባል ሽንኩርት አልሚ አለ፤ እጁ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለበት። መምህሩ ከክርስቲያኑ ጥሬ ሥጋ ቆርጦ ያጎርሰዋል። ሼህ አብዱም እያለቀሰ ይጎርስና «ከፍቅር የሚበልጥ ምን አለ?» ይላል። ከዚያ መምህሩ ገጽ ሙሉ ስለ አንድነት ይናገራል፤ ወፎች ሳይቀሩ ያደምጡታል።

የሽታው እስክሪብቶ ቆመ። ውሸት መሆኑን ያውቃል። ያ ጠባሳ የማን እንደሆነም ያውቃል። ከአምባሰል እስከ ባቲ እንዲህ ያለ ጉርሻ የሚያጎርስ ሰው ቢገኝ ወዳጁን ማዋረዱ እንደሆነ እንኳን ሽታው ድመቱም ያውቃል። ሊሰርዘው እጁን አነሣ። ግን ጉርሻው ከተሰረዘ ንግግሩም አብሮ ይሄዳል። ንግግሩ ደግሞ ያምራል። በሕይወቱ ማንም ሽታውን እንዲህ አሳምሮ አናግሮት አያውቅም። ስለዚህ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨመረና ገጹን ገለበጠ።

መጽሐፉ ታትሞ ታኅሣሥ ላይ በከተማው አዳራሽ ተመረቀ። አብዱልመናንን ጎትቶ ያመጣው ራሱ ሽታው ነው፤ «ና እንጂ፣ መጽሐፍ ውስጥ ገብተሃል» ብሎ። አብዱልመናን ጋቢውን አጣፍቶ፣ በቅርቡ ከጅዳ የተመለሰች ልጁን ሀኒያን አስከትሎ መጣና ከፊት ተቀመጠ። አንዳርጋቸውም ከመጽሐፉ ሁሉ መርጦ፣ ድምፁን እያርገበገበ፣ ያንን የሰርግ ገጽ አነበበ። ከደሴ የመጡት እንግዶች እንባቸውን ጠረጉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የሐይቅ ሰው ግን አንገቱን አዙሮ የሚያየው የአብዱልመናንን እጅ ነበር። አብዱልመናን ጠባሳውን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ሀኒያ መጽሐፉን ገልጣ የምስጋናው ገጽ ላይ ደረሰች። «እያንዳንዱን ቃል አንብበው ላረሙልኝ መምህሬ ሽታው» ይላል። ለአባቷ ጆሮ ዝቅ ብላ አነበበችለትና ሁለቱም ተነሥተው ወጡ።

ሰው በጆሮው የሰማውን ይጠራጠራል፤ የታተመውን ግን ያምናል። በሳምንቱ ገበያው ላይ «አብዱልመናንም ይበላል አሉ» ተባለ። «ኧረ መጽሐፍ ላይ ወጥቷል» አለ ሌላው። ይበላል ከተባለ ደግሞ እስከዛሬ ያረደውስ ምን ነበር? በዚያች ድስት የበላ ሁሉ ሆዱን እያሰበ መጨነቅ ጀመረ። ሽታው ለአንዳርጋቸው ደውሎ ይህንኑ ነገረው። «ጋሼ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» አለ ልጁ። «ሼህ አብዱ ተምሳሌት ነው።» ተምሳሌት ከሆነ ጠባሳ ባይኖረው ምን ነበር? ይህን የመሰለ መልስ ሽታው የሚያውቀው ከሰነፍ ተማሪ ነበር፤ አሁን ግን ሊገሥጽ የሚችልበት አፍ አልነበረውም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ለእሱ ነው።

ጥር ላይ ደግሞ የሽታው ልጅ ሰብለወንጌል ትዳራለች። ስህን ጎረቤት ልትጠራ ወጣች። በየድግሱ ያችን ድስት የምታማስለው መስኡዳ «ኢንሻአላህ፣ ጉልበቴን ካልያዘኝ» አለቻት። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሙአዊያ መንገድ እንዳለበት ተናገረ። ስህን ቤቷ ተመልሳ ነጠላዋን ወረወረችና ባሏ ፊት ቆመች።

«አንተ በመጽሐፍ ተሞገስክ፤ ልጄ ያለ ጎረቤት ልትዳር ነው» አለችው።

ሽታው ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። አብዱልመናን ሽንኩርት ሲኮተኩት አገኘው። ቀና ብሎ አየውና መኮትኮቻውን ተደገፈ።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር» አለው።

ዕድሜ ልካቸውን የተሰዳደቡት ስድብ ሁሉ ተሰብስቦ እንደዚያ ሰላምታ አላቆሰለውም።

«አብዱ፣ ተቆጥተሃል።»

«ኧረ እኔ ምን ብዬ እቆጣለሁ። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት።»

«የጻፈው እኮ ልጁ ነው።»

«ልጁማ ልጅ ነው፤ ኸተማ ገብቶ ረስቶታል እንበል» አለ አብዱልመናን። «እርስዎ ግን አንብበዋል። ሀኒያ አሳይታኛለች። ለአላህ ብለው አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እዚያች ገጽ ላይ ሲደርሱ ምን አሰቡ?»

ሳላየው አልፎኝ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሽታው ግን አንዲት ነጥብ አታመልጠኝም ሲል የኖረ ሰው ስለሆነ ያችን ውሸት እንኳ ኩራቱ ከለከለው።

«ንግግሩ አማረኝ» አለ።

አብዱልመናን መኮትኮቻውን አነሣ። «ለንግግርዎ ብለው እኔን ሥጋ አበሉኝ» አለና ወደ ሽንኩርቱ ጎንበስ አለ። ሽታው ለሰርጉ ትመጣለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው «አላህ ያውቃል» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመረለትም። ሽታው በአቀበቱ ሲመለስ ያላንዳች ኀፍረት ሌላውን ሲንቅ የኖረበት ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላው።

የሰርጉ ቀን አብዱልመናን ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሽታውን ዞር ብሎም አላየውም። ሙሽራዋን ግንባሯን ስሞ «የመጣሁት ላንቺ ነው» አላት። ድስቷን ከሚስማሯ አወረዳት፤ ሙክቱን አረደ፤ በለተ። እሱ መምጣቱን ሲያዩ መስኡዳም ጉልበቷ ተሻላት፤ ሙአዊያም መንገዱን ተወው። የሙስሊሙ ወገን ዳሱ ውስጥ በቦታው ተቀመጠ፤ እጅ ታጠበ፤ ወጡ ቀረበ።

እጅ ግን አልተዘረጋም። ማን አረደው ብሎ የጠየቀም የለም፤ ሁሉም ያውቃሉ። እንግዶቹ የመሶቡን ዳር ዳር እየነካኩ ስለ ዝናብ ያወራሉ። አብዱልመናን የዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ያያቸዋል። ፊቱ ላይ ያለውን ሽታው ማየት አልቻለም።

በዚህ መሃል አንዳርጋቸው ከተፍ አለ። በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው ከክርስቲያኑ ወገን የተነሣ የጥሬ ሥጋ ሳህን ይዟል። ደስታው ሌላ ነው። ሽታውን በክንዱ ይዞ አብዱልመናን ፊት አቆመው።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ጉርሻ ያጉርሷቸው» አለ። «ለሁለተኛው እትም ሽፋን ይሆነኛል።»

ዳሱ ጸጥ አለ። መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነበር ጸጥ ያለው፤ ወፎቹ ብቻ ናቸው የጎደሉት። ሽታው ሳህኑን ተቀበለ። ዳጎስ ያለ ቁራጭ መረጠ፣ በአዋዜ ነከረ፣ በእንጀራ ጠቀለለ። ከዚያ ዞሮ አንዳርጋቸው አፍ ውስጥ ከተተው።

«ብላ» አለው። «አንተ የጻፍከው ነው፤ አንተው ብላው።»

ደራሲው ጉንጩ ተወጥሮ ቀረ፤ መናገር አልቻለም፤ መትፋትም ነውር ሆነበት። ሽታው ሳህኑን አስቀምጦ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«ይህ ሰው ቤቴ ውስጥ የእኔን ሥጋ ቀምሶ አያውቅም» አለ። «መጽሐፉ ዋሽቷል። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ስላመሰገነኝ።»

ንግግሩ ይኸው ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ሙአዊያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ጆሮው የማይሰማም እንዲሰማው አድርጎ ጠየቀ።

«ይህን ማን አረደው?»

«እኔ» አለ አብዱልመናን።

«ቢስሚላህ» አለ ሙአዊያና እጁን ሰደደ። ከእሱ ቀጥሎ የመስኡዳ ባል፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ጎንበስ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ጨምሩልን የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሙሽራዋ ተሸኝታ ዳሱ ሲሳሳ ሽታው ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። መስኡዳ ድስቷን አጥባ አጣጥባ ለአብዱልመናን ሰጠችው። አብዱልመናን በጋቢው ጫፍ ታችዋን ይጠርጋል። ድስቷ ወደ ሚስማሯ ትመለስ ወይም አጥሩን ተሻግራ ትሂድ ሽታው አያውቅም።

«አንተ ሽማግሌ፣ እዚህ ምን ይገትርሃል?» አለው አብዱልመናን። «ዞር በል፣ አሳልፈኝ። ያን ሁሉ ገጽ ኸማረም ያኔውኑ ልጁን አንድ ጉርሻ ማጉረስ አይቀልህም ነበር?»

ገፋ አድርጎት ገባና ድስቷን ሚስማሯ ላይ ሰቀላት።