ቢጫዋ መብራትና የወንድሜ ምስክርነት

ያንን የመኪናችንን ሞተር አልወደውም። ኮፈኑን በከፈትኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንድ ሊትር እንኳን የማይሞላ፣ ሦስት ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ቆሞ ሲሠራ ወባ እንደያዘው ሰው የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ሻጩ ግን መኪናዋን እኔ የምኖርበት ለቡ ድረስ አምጥቶ በራችን ላይ አቆማትና፣ "ትንሽነቱን አትዩ፤ ተርቦ አለው። ከመቶ ፈረስ በላይ ጉልበት ነው፤ ትልልቆቹን ሞተሮች ዳገት ላይ ጥሏቸው ይሄዳል" ሲል የታላቅ ወንድሜ ዓይን በራ። ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና በሚገዛበት ዘመን እኛ ይህን የቤንዚን ጉድ ገዛን።

የገዛነው ለእናታችን ነበር። እናታችን የምትኖረው ሶዶ ነው። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት አዲስ አበባ መታከም ነበረባት፤ ወገቧ ግን አውቶቡስ አይችልም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ በአውቶቡስ መጥታ ብዙ ቀን ከአልጋ አልተነሳችም። ስለዚህ በራሳችን መኪና፣ ወገቧን በትራስ ደግፈን፣ ደስ ያላት ቦታ እያሳረፍን እናመጣታለን ተባባልን። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም ግን፣ ከፊቷ ያለውን ሰው እንኳን በቅጡ የማታይ አሮጊት በቡታጅራ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ይታየኝ ነበር። ለእኔ የዚያ ሞተር ጉዳይ ይህ ብቻ ነው።

ሀና ማርያም አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ወረቀቱን ሳላነብ መድኃኒት ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ የመኪናዋንም መመሪያ እንደዚያው አነበብኩት። ተርቦ ማለት ሞተሩ በሚተፋው ትኩስ ጭስ የሚሽከረከር ትንሽ ፋን ነው። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይዞራል፤ ከመቃጠል የሚያድነው ደግሞ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዳገት ወጥቶ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ያንን ዘይት እዚያው ማክሰል ነው። ሳያጠፉ ጥቂት ማቆየት ያስፈልጋል።

እኛ ቤት የሚደረሰው በዳገት ነው። ስለዚህ አንድ ልማድ አወጣሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ማርሹን ፎሌ አድርጌ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ "አባታችን ሆይ"ን ቀስ ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እጸልያለሁ። "አሜን" ስል ቁልፉን አዞራለሁ። ለጸሎቱም ለሞተሩም ይበቃል።

ወንድሜ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ይህን አየና ሳቀብኝ።

"መኪናዋ ጌታን ተቀበለች እንዴ?"

"ተርቦው ይቀዝቅዝ ብዬ ነው።"

"የውሃ ጥምቀቷ ሲደርስ ንገሪኝ፣ እንዳልቀር።"

እሱ የሚኖረው ጎፋ ነው። ቅዳሜና እሁድ መኪናዋ የእሱ ናት። እዚያ የሚያምነው መካኒክ አለው። አንድ ቅዳሜ "ሰርቪስ ላስደርጋት" ብሎ ወሰዳትና ሥራዬን ጨርሼ ጋራዡ ስደርስ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበለኝ።

"ሲስተር፣ ገላገልኳችሁ። ቴርሞስታቱን አውጥቼዋለሁ።"

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ የሚቆይ፣ ሲሞቅ የሚለቅ ትንሽ በር ነው። ጆሮዬን አላመንኩም።

"ለምን?"

"ይሄ ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው። እኛ አገር ውሃውን አንቆ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም። ዘይቱንም ወፈር አድርጌዋለሁ፤ ያ ቀጭኑ እንደ ውሃ ነው፣ ምኑን ያቅፋል?" አለና መደርደሪያው ላይ ያለ ጣሳ አሳየኝ። ከሰው መኪና ሁሉ የወጡ ቴርሞስታቶች እስከ አፉ ሞልተውታል። ጥርስ እንደሚነቅል ሰው ይኮራባቸዋል።

"መመሪያው ላይ እኮ ቀጭን ዘይት ነው የሚለው። ሞተሩ ካልሞቀ ደግሞ ሁልጊዜ ብርድ ላይ ያለ መስሎት ቤንዚን ያበዛል፤ ቤንዚኑም ዘይቱ ውስጥ ይገባል" አልኩት።

"ሲስተር ደግሞ! ሞተሩ ሽሮፕ ታዞለት?" ብሎ ወደ ወንድሜ ዞረ። ሁለቱም ሳቁ።

"የነዚህ ሁሉ ባለቤቶችስ?" አልኩ ወደ ጣሳው እያየሁ።

"አመስግነውኝ ነው የሄዱት።"

"ወዴት?"

ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። "ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ግቢ።"

ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት በራች። ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት፤ "አየዋለሁ" አለ። በሚቀጥለው እሁድ መኪናዋን ሲመልስልኝ መብራቷ አትታይም። ደስ አለኝ፤ ቴርሞስታቱን አስመልሶታል ብዬ አመሰገንኩት። ሰኞ ጠዋት ሀና ማርያም ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለሁ ዳሽቦርዱን ልብ ብዬ አየሁት። መብራቷ ላይ አንዲት ቁራጭ ስቲከር ተለጥፋለች፤ በጠርዟ በኩል ቢጫ ብርሃን ይሾልካል። ቁራጯ ላይ "ጌታ" ይላል።

ዞር ብዬ የኋላውን መስታወት አየሁ። እዚያ "ኢየሱስ ጌታ ነው" የሚል ስቲከር ነበረን። መሐሉ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። መኪናዋ በከተማው ሁሉ "ኢየሱስ ነው" እያለች ነበር የምትዞረው።

በጥፍሬ ላጥኳት። የጌታን ስም መብራት መሸፈኛ ማድረግ! መልሼ በቦታዋ መስታወቱ ላይ ለጠፍኳት፤ ትንሽ ተጣመመች። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ቀጥታ ጎፋ ሄድኩ።

"ምን አድርገህ ነው?"

"በእምነት ለጠፍኩበት። ምን አጠፋሁ?"

"መብራቱን ነው የደበቅከው እንጂ ሞተሩ መች ዳነ?"

"አንቺ ፋርማሲ ስለምትውዪ ሁሉም ነገር በሽተኛ ይመስልሻል። ፍርሃት ነው ያለብሽ። ደግሞ የጌታን ስም በጥፍርሽ ላጥሽ፣ አታፍሪም?"

"ቴርሞስታቱን አስመልስ። ካለዚያ እናቴ እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም።"

"እናትሽ ብቻ ናት? የፊታችን ቅዳሜ ሄጄ አመጣታለሁ። አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ አባታችን ሆይ በይ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጋሼ" ማለቴን ተውኩ። ለእናቴ ደወልኩላት። "እማዬ፣ መኪናዋ እስክትሠራ ቆይ" አልኳት። "ልጄ፣ ታላቅሽ እኮ ነው፤ ከመጣ እገባለሁ" አለችኝ። በእሷ ዘንድ ነገሩ አለቀ።

አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ። ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ እዚያው ለቡ ሌላ ጋራዥ ገባሁ። አዲስ ቴርሞስታት አስገባሁ፤ ያንን ወፍራም ዘይት አስደፍቼ መመሪያው ያዘዘውን አስሞላሁ። ሠራተኛው የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን ስህተት በመሣሪያው ሲያጠፋው ቢጫዋ መብራት ሄደች። ለወንድሜ አልነገርኩትም። ብነግረው ቅዳሜ ጠዋት ያ ሰውዬ ጋ ወስዶ ያስወጣው ነበር፤ አንድ ቴርሞስታት ለጣሳው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ቁልፉን ሊወስድ መጣ። ሞተሩን እንኳን ሳያስነሳ መጀመሪያ የኋላውን መስታወት አየ፤ ከዚያ እኔን። ቁራጯን ከመስታወቱ ላጠና ዳሽቦርዱ ላይ ያንኑ ቦታ ለጠፋት። መብራቷ መጥፋቷን ሳልነግረው በሩን ዘጋሁለት።

ቅዳሜ ሥራ ቦታ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ዋልኩ። ስደውል አያነሳም፤ ሆን ብሎ ነው። "ደርሻለሁ" የሚል ጽሑፍ ሲልክልኝ ተቀመጥኩና ጌታን አመሰገንኩ። ወንድሜን አላመሰገንኩም።

እናቴን ሰኞ አመጣት። ትራሷን እንደታቀፈች ወረደች፤ ወገቧ ደህና ነበር። ፊቴን በእጇ ዳበሰችና "ከስተሻል" አለችኝ። ወንድሜ ግን ያንን ሁሉ ዳገት ሞተሩን አስጨንቆ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ቀጭ አድርጎ አጠፋው።

"የታለ ያንቺ ቴርሞስታት?" አለኝ ቁልፉን እያሽከረከረ። "ያለሱም ሮጠች።"

እናቴን ደግፌ ወደ ቤት ገባሁ።

እሁድ ሦስታችንም አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ወንድሜ ብድግ ብሎ ማይኩን ጨበጠ።

"ወገኖቼ፣ ጠላት መኪናዬ ላይ ቢጫ መብራት አብርቶ ነበር። ከቤቴም ሳይቀር ፍርሃት የሚናገር አፍ ተነሳ።" ወደ እኔ አየ። "እኔ ግን የጌታን ስም ለጠፍኩበት! ሶዶ ደርሼ ገልጬ ባየው፣ መብራቱ የለም!"

ጉባኤው "ሃሌ ሉያ!" አለ። አጠገቤ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ መድረኩ በየት በኩል እንደሆነ ስለማታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ። ልነሳ ጉልበቴን ሳንቀሳቅስ እጄን ያዘችኝ።

"አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።"

አላልኩም።

ውጭ መኪናዋ ጋ ስንደርስ እናቴን ከኋላ አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ።

"ቴርሞስታቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "ሐሙስ። ዘይቱንም ቀይሬዋለሁ። ሄደህ ምስክርነትህን አስተካክል።"

ትንሽ ደነገጠ። ትንሽ ብቻ። ከዚያ ያንን ሳቁን ሳቀ።

"ታዲያ ጌታ በማን እጅ የሚሠራ መሰለሽ?"

ቃሉ እኮ ትክክል ነው፤ ከእሱ አፍ መውጣቱ ነው ያቃጠለኝ። መሪውን ያዘ፤ እኔም አጠገቡ ገባሁ። ሆን ብሎ ቤንዚኑን እየረገጠ ዳገቱን ወጣ፤ ተርቦው ያፏጫል። በራችን ላይ ሲቆም እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ።

"አባታችን ሆይ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

እናቴ ከኋላ ወዲያው ተቀበለችኝ፤ የምስጋና ጸሎት መስሏታል። ወንድሜ እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። እናቱ እየጸለየች ሞተር ሊያጠፋ አልቻለም፤ አንገቱን ደፋ። እኔም እስከዛሬ ጸልዬው በማላውቀው ዝግታ ጸለይኩት። የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚለው ቦታ ስደርስ ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ፤ ትንሽ ቆምኩ። እናቴ ጠበቀችኝ። ቃሉን ያልኩት ሞተሩ ገና ስላልበረደ ነው።

"አሜን" ስንል እጄን ዘርግቼ ቁልፉን እኔ አዞርኩት። ከዚያም ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።