ደንብ በወጣ ቁጥር የሚቀየረው አፍንጫ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳንቀምስ፣ ታላቅ ወንድሜ ማስረሻ ከቀበሌ ስብሰባ ተመልሶ ግቢያችን መሐል ቆመና «መጋዙን አምጪልኝ» አለኝ።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«አፍንጫውን ቁረጥ ብለውኛል...»

እናታችን «በስመ አብ!» እያለች ከጓዳ ወጣች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ «ቀልድ ነው» ብሎ የሚያልፍ አልነበረማ!

ነገሩ የጋሪው አፍንጫ ነው። ቆይ ላጫውታችሁ...

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ጎንደር። ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል የወጣቶች የጋሪ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ሞተር የሚባል ነገር የለውም፤ ጣውላ ላይ አራት ኩሽኔታ ይገጠምና ከፒያሳ ወደ ቀሐ በሚወርደው ቁልቁለት ይለቀቃል። ወንድሜ ግን ጣውላ ላይ ተቀምጦ ብቻ የሚንሸራተት ዓይነት ሰው አይደለም። አንድ ቱሪስት ጥሎት ከሄደ መጽሔት የተቀደዱ ሁለት የእሽቅድምድም መኪና ፎቶዎች ነበሩት። ባለ አንድ ወንበር፣ ጎማዎቻቸው ከአካላቸው ውጭ የቀሩ መኪኖች። የአንደኛዋ አፍንጫ እንደ ሲጋራ ሾል ያለ፣ የሌላዋ እንደ አካፋ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው።

«ምነው አፍንጫቸው ተለያየ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ደንቡ ተቀይሮ ነዋ! ሰው ይጎዳል፣ ደንብ ይወጣል፣ አፍንጫ ይቀየራል። የሚያሸንፈው አዲሱን ደንብ ቀድሞ የገባው ነው።»

ለእኛ ቤት ይህ ጨዋታ አልነበረም። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ነው፤ ማስረሻ ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በሪሁን «አንደኛ የወጣ የመንግሥት ጋራዥ ይቀጠራል» ብለው በስብሰባ ተናገሩ። የጋራዥ ሠራተኛ ደግሞ አይታፈስም ይባል ነበር። እናታችን ይህን ከሰማች ወዲህ ነው ምግብ በወጉ መብላት የጀመረችው።

የመጀመሪያው አፍንጫ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የተሠራ፣ ረጅምና ሹል ነበር። በልምምድ ላይ የአንዱን ልጅ ባት ወጋ። «ከፊት ጎማ አልፎ የሚወጣ አፍንጫ ክልክል ነው» ተባለ። መጋዙ የመጣው ለዚህ ነው።

ቆረጠው። ከዚያ ወደ ጎን አሰፋው፤ ነፋሱ የፊት ጎማዎቹን ሳይመታ በላያቸው እንዲያልፍ። በልምምድ ሁሉንም ጥሏቸው ወረደ። በማግስቱ «ከጣውላው የሰፋ አፍንጫ ክልክል ነው» ተባለ። በዚህ የተጎዳ ሰው ግን አልነበረም። ሐሜት አይሁንብኝና፣ የጓድ በሪሁን የእህት ልጅም ተወዳዳሪ ነበር... እኔ ምንም አላልኩም።

በመጨረሻ፣ ውድድሩ ሊደርስ ሲል ሦስተኛው ደንብ መጣ። ማንኛውም ጋሪ ከፊቱ መፈክር የተጻፈበት ትልቅ ቀይ ሰሌዳ ይኑረው!

«ይኼማ ጋሪ ሳይሆን በር ነው!» አለች እናቴ። «ነፋሱ አንቆ ያስቀርብኛል ልጄን!»

ማስረሻ ፈገግ አለ። «እማየ፣ ሰሌዳ ይኑረው አሉ እንጂ ቀጥ ብሎ ይቁም አላሉም።»

የፊቱን ጠርዝ ወደ መሬት ዝቅ፣ የኋላውን ከፍ አድርጎ አጋደመው። ነፋሱ ሲመጣ በላዩ እየወጣ አፍንጫውን ወደ መሬት እንዲጫነው ነው።

በውድድሩ ቀን ከኮሶዬ ድንች ሊሸጥ የመጣ አንድ ገበሬ ጋሪዎቹን ዞሮ ዞሮ አየና «ሸጋ ጋሪ ነው፤ ምነው በቅሎዋን ረሳችኋት?» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ጓድ በሪሁን ግን አልሳቁም።

«ጓድ ማስረሻ! መፈክሩን እንዲህ አጋድመኸው ማን ያነበዋል? መላእክት?»

ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ ደነገጡ። ግራ ቀኝ አዩ። የዚያን ዘመን ሊቀመንበር በአደባባይ መላእክት አይጠራማ! ሌላ ሳይናገሩ ወደ መድረካቸው ሄዱ፤ ጋሪው ያለፈው በዚያ ድንጋጤ ነው።

ተለቀቁ። ኩርባው ላይ የሌሎቹ ሰሌዳዎች ነፋሱን እየገቱ ጋሪዎቹን አወላገዷቸው። የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ቦይ ውስጥ ገባ። የማስረሻ ጋሪ አስፋልቱን ነክሶ ወረደ። አንደኛ!

በክብር እንግድነት የተጋበዙ አንድ ሻለቃ መጡና ከአፍንጫው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ እናቴ ዳገቱ ላይ ከሕዝቡ ጋር ናት።

«ማነው ይህን ያሰበው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ደንቡን አልጣስክም?»

«አልጣስኩም፤ ደጋግሜ አነበብኩት እንጂ።»

ሻለቃው ሳቁ። ትከሻውን ያዝ አድርገው ወደ ጓድ በሪሁን ዞሩ።

«እንዲህ ያለ ጭንቅላት ጋራዥ ውስጥ ሊባክን? የታንክ ጥገና ነው የሚገባው። ሰኞ ወደ ሰሜን ግንባር ይላክልኝ።»

ጓድ በሪሁን አጨበጨቡ። ሕዝቡም ተከትሎ አጨበጨበ።

እናቴ የተባለውን አልሰማችም። ያየችው የሻለቃውን እጅ በልጇ ትከሻ ላይ ነው... ያየችው ጭብጨባውን ነው። ተቀጠረልኝ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት።

ልነግራት ልሮጥ ስል ማስረሻ ክንዴን ያዘኝ።

«ተያት... ትጨርስ።»

ሰኞ በወታደር መኪና ወደ ደባርቅ ወጣ። አንድ ሾፌር «አዲ አርቃይ ላይ አግኝቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሏል» ብሎ ነገረን። ከዚያ ወዲያ አየሁት የሚል ሰው አላገኘንም።

እናቴ እኔን ድራለች፣ የልጅ ልጆቿን ክርስትና አስነስታለች... እልል ስትል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሰማት የለም።