የባዘዘው አልቤን

የአሰጋሽ ባል ባዘዘው በሞተ በሃያ አምስተኛው ቀን ቢቸና ላይ ጠመንጃ ሊመዘገብ ነው ተባለ። ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ስልሳ ዓመተ ምሕረት። ያላስመዘገበ ይወረሳል፣ ያስመዘገበም ኋላ መወረሱ አይቀርም እየተባለ አገሩ ይንሾካሾካል።

አሰጋሽን የጨነቃት ግን ሌላ ነው። ልጅ የላት፣ ወንድም የላት። ያላት፣ ጎረቤት ድንበሩን ሊገፋ የሚያደባበት ማሳና ምሰሶው ላይ የተሰቀለው የባሏ አልቤን ጠመንጃ ነው። አልቤኑ ከምሰሶው የወረደ ቀን ማሳውም አብሮ እንደሚሄድ ታውቃለች። የባሏ ወንድም ስማቸው ደግሞ ከቀብር እንኳ በቅጡ ሳይመለስ ነው ዓይኑን የጣለበት።

«ነፍጥ የወንድ ነው፣ አሰጋሽ። አምጪው፣ በስሜ ላስጽፈው።»

«ተዝካሩ ይውጣና!»

በነሱ አገር የሟች ነፍጥ እስከ አርባው ቀን የሟቹ ነው። ነፍሱ ገና መንገድ ላይ ናትና ማንም የኔ አይለውም። ስማቸውም ይህን ስለሚያውቅ እየተነጫነጨ ይመለሳል።

የምዝገባው ቀን አሰጋሽ አልቤኑን በነጠላ ጠቅልላ ቢቸና ወረደች። ሰልፉ ላይ ከፊቷ የቆመው ከሊፋ ነው፣ የሞጣው የጨርቅ ነጋዴ፣ አገር ያየ ሰው።

«ሱዳን ወረቀት የሌለው ጠመንጃ ከተገኘብሽ አለቀልሽ» ይላል። «እንግሊዝ የተወላቸው ሕግ ነው። የመን ስትሄጂ ደግሞ ወንዱ ያለ ጠመንጃ ገበያ አይወጣም፤ ልመዝግብህ የሚለውም የለ!»

ከኋላ የቆመው የክሊኒኩ ድሬሰር ኃይለ ሚካኤል ጣልቃ ገባ። «ስዊስ የሚባል አገር አለ። መንግሥት ራሱ ለወታደሩ ጠመንጃ ሰጥቶ እቤትህ አስቀምጥ ይለዋል።»

«ሰጥቶ? ሳይቀማ?» አለ አንዱ። «እዚያ ነበር መወለድ!»

ሰልፉ ሳቀ። አሰጋሽ አልሳቀችም።

«ከሊፋ፣ ባለቤቱ ቢሞትስ? እዚያ ሱዳን?»

«ሰውዬው ሲሞት ወረቀቱም ይሞታል፣ እቴ። ወንድ ወራሽ ካለ እንደ አዲስ በስሙ ያስጽፋል። የኛም ያው ነው ሲሉ ሰማሁ።»

ወንድ ወራሽ ማለት ስማቸው ነው።

ተራዋ ደረሰ። ጸሐፊው ኃይለ ጊዮርጊስ ካዲሳባ የመጣ ነው፤ ከጧት ጀምሮ አፍንጫውን ከመዝገቡ ቀና አላደረገም።

«የባለንብረት ስም!»

«ባዘዘው አምባቸው።»

«በሕይወት አለ?»

ለአርባው ሰባት ቀን ይቀራል። «አለ፣ ጌታዬ» አለች።

«ይቅረብና ይፈርማ! ባዘዘው አምባቸው!» ደግሞ ጠራ። «ባዘዘው!»

ሦስተኛውን ሊጠራ አፉን ሲከፍት፣ ከሰልፉ ጫፍ «አለሁ!» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። ከኋላው ሳል ተከተለው። ያንን ሳል አሰጋሽ ሃያ ዓመት ስትሰማው ኖራለች።

ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ፣ ለሚያልፍ ሰው እንደሚከፈለው። ማን አለፈ? እንጃ። ከሊፋ ብቻ ኮፍያውን በእጁ ይዞ «ቢስሚላህ» አለ።

ጸሐፊው ቀና ሳይል እጁን ዘረጋ፣ ያገኘውን አውራ ጣት ይዞ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ተጫነው።

«እጅህ እንዴት ይቀዘቅዛል፣ ሰውዬ! በዚህ ፀሐይ!» አለና ማኅተሙን ጧ አደረገው። «ቀጥል!»

አሰጋሽ ወረቀቱን አየችው። የአውራ ጣት አሻራ አለበት፣ መሀሉ ላይ ባሏን ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ ያለበት።

ስማቸው ይህን ሰምቶ በሦስተኛው ቀን ወደ ጸሐፊው ገሰገሰ።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ ከሞተ ወር አልፎታል!»

«ውሸታም! በገዛ እጄ ይዤ ነው ያስፈረምሁት! ሞቷል ካልህ ተዝካሩ መውጣቱን ከደብሩ አስጽፈህ አምጣ። ያን ጊዜ እሰርዘዋለሁ።»

ተዝካር የሚወጣው ደግሞ ከሟች ቤት ነው። ስማቸው ተመልሶ የአሰጋሽን ደጅ እያየ አርባውን መቁጠር ጀመረ።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን የንስሐ አባቷ መምሬ ውበቴ መጡ። ጠላው ተጠምቋል፣ ጓዳው በድግስ እህል ሞልቷል።

«አሰጋሽ ልጄ፣ ነገ አርባው ነው። ካህናቱን ልጥራ?»

አልቤኑን አየች። በበሩ በኩል ማሳውን አየች። ባሏን በተዝካር ሳትሸኘው ብትቀር የት እንደሚያድር አሰበች፤ ብትሸኘው ደግሞ እሷ የት እንደምታድር አሰበች።

«ማን ሞተና ነው፣ አባቴ?» አለች።

መምሬ አማትበው ወጡ። የጠመቀችውን ጠላም የሚጠጣው ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ድንበሯን አንድ ጋት የገፋ የለም። ስማቸውም በደጇ ማለፉን ተወ። እሷ ግን አልቤኑን ዘይት ልትቀባው ጨርቅ ይዛ በቀረበች ቁጥር፣ አፈሙዙ ለጋ ዘይት ጠግቦ ሲያብረቀርቅ ታገኘዋለች።

«ቀደምኸኝ?» ትልና ጨርቋን አጥፋ ታስቀምጣለች።