ትንሿ ያልበላችው ኩርኩፋ

ሚስቴ አልሞተችም። ይህን ለሰፈሩ ሰው ስንት ጊዜ መናገር እንዳለብኝ አላውቅም። ነርስ ናት፤ ካምባ ጤና ጣቢያ ተመደበች፤ ሄደች። በወር አንዴ ትመጣለች፤ መንገዱ ደህና ከሆነ ሁለቴ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ጎረቤቶቼ ግን እሷ በሄደች በሳምንቱ ሳህን በሳህን ከድነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ ይገቡ ጀመር። የምን አይዞህ ነው? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ? አንዷማ የልጆቼን ፀጉር እየዳበሰች ዓይኗ እንባ ሲያቀር አይቼ ደሜ ፈላ። ወጡን ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ በሩን ዘጋሁ፤ ልጆቹ ፊት መጮህ ስለማልችል ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን ተሳደብኩ።

ጎረቤት ይሁን፣ ይቻላል። ያንገበገበኝ የአማቴ ነው። ከጨንቻ ወርደው፣ ገና አረፍ ሳይሉ፣ ትንሿን ልጄን በብብቷ ይዘው ወደ ላይ አነሷትና እንደ በግ መዘኗት። አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሄደች ወዲህ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። «ይቺ ልጅ ከስቷል» አሉ አማቴ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ዓይናቸው ግን አይስትም። «ወንድ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። አሁንም እንዲህ ከሆነ ይዤው ጨንቻ እወጣለሁ።»

እኔ ምን አልኩ? «እሺ እማዬ» አልኩ! እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ደፍቼ። ልጄን ከጉያዬ ሊወስዱብኝ ቀን ሲቆርጡልኝ እሺ እማዬ! ዛሬም ሳስበው በራሴ እበግናለሁ።

ስለዚህ ማብሰል ተማርኩ። ከማን? ከስልክ። አንዷ ነጭ በነጭ የሆነ ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ ጥርሷን እያሳየች፣ «ቀላል፣ ፈጣን፣ ልጆቻችሁ የሚወዱት!» ትላለች። ከዚያ «ኦቨኑን ቀድማችሁ አሙቁት»። የቱን ኦቨን? መብራቱ ራሱ ከጠዋት ጀምሮ የለም! እኔ ያለኝ አንድ ከሰል ማንደጃ፣ አንድ መጥበሻና እጀታው የወለቀ ድስት ነው። «ዐሥር ደቂቃ ብቻ» ትላለች ደግሞ። ከሰሉ እስኪያያዝ ዐሥር ደቂቃ አልፏል፣ እመቤት!

ተውኳት። የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ሥራዬ መሬት መለካት ነው፤ ያልተለካ ነገር አላምንም። ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሳህን ገዛሁ፤ ለትልቋ ሰማያዊ፣ ለትንሿ ቀይ። ማን ምን ያህል እንደበላች ለማወቅ ለየብቻ አቀርባለሁ፤ ደብተርና ማንኪያ ይዤ ከአጠገባቸው እቆማለሁ። እኔ በኋላ ከድስቱ ጠራርጌ እበላለሁ። ምን ችግር አለው?

መጀመሪያ ከላንቴ የሚመጣውን ሙዝ ሞከርኩ። ሁለት የበሰለ ሙዝ በሹካ ትደፈጥጣለህ፣ ሁለት እንቁላል ትመታበታለህ፣ አንድ እፍኝ ዱቄትና ቁንጥር ጨው፤ ከዚያ መጥበሻውን ዘይት ቀብተህ በማንኪያ እየጨለፍክ ታገላብጣለህ። እሳቱ ይቀንስ፤ አለበለዚያ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ የእኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ አማረልኝ። ትልቋ አራት በላች። ትንሿ በጣቷ ነካ አድርጋ «ያቃጥላል» አለች። እፍ እፍ አልኩላት። «ቀዝቅዟል» አለች።

ቀጥሎ የአባያ ሐይቅ አሳ። ሽንኩርቱን አቁላልተህ፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ጨምረህ፣ አሳውን መጨረሻ ላይ ነው የምትከተው። ይህን ማንም አልነገረኝም። መጀመሪያ ከትቼው እያማሰልኩ ሳለሁ ተፈረካክሶ ሾርባ ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ ቁርጥ ቁርጡ ሳይበተን ወጣ፤ በራሴ ኮራሁ። ትንሿ ሳህኑን አገላብጣ አየችና «ዓይኑ የት ሄደ?» አለች። ዓይኑ! ስንት ሰዓት ጥጄ፣ ስለ አሳ ዓይን ልመርመር!

ያን ቀን ጮኽኩባት። እውነቱን ለምን እደብቃለሁ? «ብዪ ስልሽ ብዪ!» ብዬ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አጮልኩት። አላለቀሰችም። ቀዩን ሳህን በቀስታ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ደብተሩ ላይ «ሁለት ማንኪያ» ብዬ ጻፍኩ። ፈርቼ ነው የጮኽኩት። የፈራ ሰው እንደሚጮህ ግን ለአራት ዓመት ልጅ ማን ይንገራት?

ትምህርት ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ኩርኩፋ፣ ከበቆሎና ከቅጠል ወደሚሠራው ምግብ፣ ዞርኩ፤ እናቷ የምትሠራላት እሱ ነበርና። ገበያ ውስጥ ሃለኮ የምትሸጠዋን ሴትዮ ጠየቅኋት፤ ሌላ አገር ሽፈራው የሚሉትን ቅጠል ማለቴ ነው። እስኪበቃት ስቃብኝ አሠራሩን ነገረችኝ። ቅጠሉን ከዘንጉ ለቅመህ ትቀቅላለህ። የበቆሎ ዱቄት በጨው ውሃ ጠንከር አድርገህ ታቦካና በመዳፍህ ድቡልቡል ታደርገዋለህ። የቅጠሉ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ሳለ ትለቅበታለህ፤ ሳይፈላ ከለቀቅክ ሟሙቶ ገንፎም ሾርባም ያልሆነ ጉድ ይሆናል። የእኔ ጉድ ሲሆን ትልቋ «አባዬ፣ ይሄ ለዶሮ ነው?» አለችኝ። አምስት ቀን በተከታታይ ሠራሁት። በአምስተኛው ቀን ኩርኩፋ ሆነ።

አማቴ ቅዳሜ ለምሳ ደረሱ። ገና ከመግባታቸው ትንሿን አነሷት፣ መዘኗት፣ አስቀመጧት። ባዶ ሻንጣ ይዘው ነበር የመጡት፤ የልጅቷን ልብስ እያጣጠፉ ይከቱ ጀመር። «እማዬ፣ መጀመሪያ ሲበሉ ይዩልኝ» አልኳቸውና ኩርኩፋውን አወጣሁ። ሰማያዊው ላይ ዐሥር፣ ቀዩ ላይ ስድስት። ማንኪያዬን ይዤ ቆምኩ።

አማቴ የትንሿን ሹራብ ሻንጣው ውስጥ ከተው ቀና አሉ። ሳህኖቹን አዩ። እኔን አዩ።

«እነዚህ ልጆች ምን አጠፉ?»

«ምንም አላጠፉም እማዬ።»

«ታዲያ ለምን ለየብቻ ይበላሉ? ማን ተጣላ?»

ስለ መለካቱ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ደብተሩንም አሳየሁ። ዓይናቸው ፈጠጠ። በጋሞኛ የወረደብኝን ስድብ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፤ እሱም በቂዬ ነው። በእኛ ቤት፣ በእሳቸውም ቤት፣ በሚስቴም ጊዜ አንድ ትሪ ነበር የሚቀርበው። ለብቻው የሚቀርብለት ወይ በሽተኛ ነው፣ ወይ የተኳረፈ ሰው። ይህ እኮ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተወልጄ ያደግኩበት ነው! ትሪውን ከመደርደሪያ አወረዱ፣ ሁለቱንም ሳህን ገለበጡበት፣ ድስት ውስጥ የቀረውንም ጠርገው ጨመሩ።

«ቁጭ በል።»

«እኔ በኋላ...»

«ቁጭ በል አልኩህ!»

ቁጭ አልኩ። ማንኪያዬን ተቀበሉኝ። ትልቋ ወዲያው እጇን ሰደደች። ትንሿ አልበላችም፤ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። አንድ ኩርኩፋ አነሳሁና ጎረስኩ። እያኘክሁ ሳለ ተጠጋችኝና ጉልበቴን ያዝ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«አባዬ፣ ታረቅን?»

ሁለት ወር ሙሉ! ሁለት ወር ሙሉ ይቺ ልጅ የተጣላኋት መስሏት፣ በቀይ ሳህን ፊት ተቀምጣ፣ እኔ እስክታረቃት ስትጠብቅ ኖራለች። እኔ ደግሞ ማንኪያ እቆጥራለሁ።

«አዎ» አልኳት። «ታርቀናል።»

አንዱን አንስታ በትንሽ እጇ አጎረሰችኝ፤ ግማሹ አገጬ ላይ ፈረሰ። ከዚያ ለራሷ ጎረሰች። ደግማ ጎረሰች። ስንት እንደበላች አላውቅም።

አማቴ ፊታቸውን ሳያዞሩልኝ ሹራቡን ከሻንጣው አውጥተው መልሰው ሰቀሉት።