የመስቀል ሰሞን ቀብድ

ቅዳሜ ነበር፣ የፍኖተ ሰላም ገበያ። ታላቅ ወንድሜ ጤፉን ሸጦ ሲያበቃ «ና፣ ቤት እንከራይ» አለኝ። ለመስቀል፣ ለሦስት ሌሊት። እናታችን የከተማ ደመራ አይታ አታውቅም። ከገጠር መጥቶ በዚያው ቀን መመለስ ደግሞ ለጉልበቷ አይሆንም።

በአደባባዩ ዳር ጠላ የምትሸጥ ሴት ለበዓል እንግዳ ክፍል ታከራይ ነበር። ወንድሜ ገብቶ አልጋውን በእጁ ተጫነው።

«እትዬ፣ ትኋን አለው?»

«ከእናንተ አገር ካልመጣ በቀር የለውም።»

«እንግዲያው ይዘንለት እንመጣለን፤ ብቻውን አይደር።»

ሳቀች። አራት ብር ቀብድ ሰጣት። በረንዳዋ ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ምስክር ሆነ። ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተከራዩ ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል። አከራይዋ ቤቱን ለሌላ ከሰጠች ግን እጥፍ ትመልሳለች።

ስንመለስ ወንዙ ሞልቶ ነበር። እኔን አሻገረኝ። የጨውና የበርበሬውን ቋጠሮ ሊያመጣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልችልም። በማግስቱ ከታች፣ ከሾላው ሥር አገኙት።

ከቀብሩ በኋላ ለፍትሐቱ ገንዘብ አጠረን። ስምንተኛው ቀን ላይ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ወንድሜ ሞቷል። ቀብዱን ይመልሱልን።»

ጋን እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም።

«ነፍስ ይማር። ቀብድ ግን ቀብድ ነው። የቀረ ሰው ቀርቷል፤ በምን እንደቀረ እኔ ምን አገባኝ? አልመልስም።»

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቆመ። እኔም ወጣሁ። አንመጣም እንዳላልኳት ያስተዋልኩት መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ፣ አልዋሽም፣ ከወንድሜ ይልቅ እሷን ሳስብ ነበር የምውለው። እሷን ማሰብ ይቀለኝ ነበር።

ደመራው ሊለኮስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ለልቅሶ መጣ። ሴትዮዋ ክፍሉን በበለጠ ዋጋ ለቡሬ እህል ነጋዴ እንደሰጠችው፣ ሰውየውም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እንደገባ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ማለዳ በቅሎ ለመንኩ።

«እምዬ፣ ልጅሽ የተከራየልሽን ቤት ላሳይሽ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነሳች። ጥቁር እንደለበሰች፣ ራሷን እንደተላጨች ይዣት ሄድኩ። ያን ልብስና ያን ራስ ከተማው እንዲያይልኝ ነበር የፈለግሁት። ለእሷ አላሰብኩም።

«ቤታችን ልንገባ መጥተናል» አልኩ፣ አደባባዩ እንዲሰማ።

«እናንተ ቀርታችሁ የለም እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

«ማን ነው ቀረን ያለሽ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አላልኳትም።

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«ልጁ መልሺ አለሽ፣ አልመልስም አልሽ። ቀብዱ አንቺ ዘንድ ካለ ቤቱ የነሱ ነው። እኔ ምስክር ነኝ።»

ነጋዴው ወጣ። እናቴን አየና ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

«ሴትዮ፣ የሐዘንተኛ ቤት ነው እንዴ ያከራየሽኝ?»

«አራቱን ብር እመልሳለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«እጥፉን» አልኩ።

ከመቀነቷ ፈታች። ስምንት ብር ቆጥራ ሰጠችኝ፤ አላዘንኩላትም። እናቴ ማንንም ሳታይ ገባችና «አልጋው የትኛው ነው?» አለች። የነጋዴው ሚስት ልጆቿን አስነስታ ቦታ ለቀቀችላት።

እናቴ እዚያ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ድምጿ በመስኮቱ ይሰማኛል። መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ሴትዮዋ እያየችኝ፣ ስምንቱን ብር እንደገና ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩ።