የዕድሩ ድንኳን ቁልፍ

የዕድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ድስቶች የሚቀመጡት እኔ ግቢ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ነበር። ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ብዙ ዓመት ዞሬያለሁ። ሶዶ ውስጥ በኛ ሰፈር፣ ዘመዱ ሩቅ አገር የሞተበትም ሰው መርዶ ከተነገረው ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን ድንኳን ይተከልለታል። ኦርቶዶክስ ነው፣ ፕሮቴስታንት ነው አንልም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግን ሟቹ የማን ወገን ነው ማለት ጀመርን። አጥር የምንጋራት ልብስ ሰፊ ከሰሜን ተድራ የመጣች ናት። ወንድሟ በወዲያኛው ወገን ሲዋጋ ከተማረከ በኋላ፣ እጁ እንደታሰረ መገደሉን አንድ እሑድ ተረዳች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዕድሩ ድንኳን ይተከልላት ወይስ ይቅር ብሎ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ልጆቼን ያስተማረ ጡረተኛ ነው።

«እማማ፣ ይህ ጊዜ ይለፍ። የጠላት ለቅሶ ተቀመጡ ይሉናል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሕዝቡ።»

«ሕዝቡማ እዚሁ ተቀምጧል!»

አንዱ ነጋዴ «እማማ ደግሞ ፖለቲካ ጀመሩ» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ይሄው ሰው ባለፈው ሳምንት ሱቁ በር ላይ ምርኮኞች ሲረገጡ በስልኩ እያሳየ «እሰይ!» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ዝም ብዬ አለፍኩ። ያ ዝምታዬ ነው ያን ቀን ያንገበገበኝ።

«የልጄ ልጅ ግንባር ነው» አልኳቸው። «መርቃችሁ የሸኛችሁት እናንተ ናችሁ። ነገ ተማርኮ እጁን አስረው ቢገድሉት፣ የዚያ ማዶ ሰፈር በስልክ እያየ እሰይ ይበል? ይበል በሉኝና ልሂድ።»

ድንኳኑ ይተከል የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ከእኔ ጋር ያወጡት ሁለት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ።

«እንግዲያው ቁልፉን ያስረክቡን» አለ ሰብሳቢው።

«ዕቃ የሚረከበው ተቆጥሮ ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ነው» ብዬ ተነሣሁ።

ድንኳን መትከል የወንድ ሥራ ስለሆነ አንዳችንም አናውቅበትም። ሦስታችን እየጎተትን ወስደን፣ ወደ አጥሩ ያዘነበለ ነገር አቆምን። ጎረቤቴ ከሥሩ ተቀምጣ እንደ ማንኛዋም እህት ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ትራስ አፏ ላይ ይዛ ነበር የምታለቅሰው።

በማግስቱ ሰብሳቢው መጣ። የላላውን ገመድ አጠበቀ፤ ንፍሮ ዘግኖ ተቀመጠ። ነጋዴው አልመጣም።

በአራተኛው ቀን ዕቃውን አስቆጥሬ ቁልፉን ሰጠኋቸው። አሁን፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ «መልሰው ይያዙልን» ይሉኛል። መጀመሪያ ድንኳን አይተከልላት ያላችሁትን ውሳኔ ከመዝገቡ ሰርዙ፣ ስትሰርዙም ጎረቤቴ ትይ እላቸዋለሁ። እስካሁን አልሰረዙም። እኔም አልተቀበልኩም።